የሱቅ ልስላሴ፣ የደንገጎ ቁልቁለት

ሱቅ ውስጥ ሲለካ ያልተመቸኝ የሩጫ ጫማ የለም። ሻጩ ከካርቶኑ ያወጣዋል፣ የታጨቀበትን ወረቀት ይጎትታል፣ ክሩን አላልቶ ከእግር ሥር ያስቀምጠዋል። ቀኑን ሙሉ በነጠላ ጫማ ሲንገላታ የዋለ እግር ድንገት ፍራሽ ላይ የቆመ ይመስለዋል። ሁለት እርምጃ ወደ በሩ፣ ሁለት እርምጃ ወደ መስታወቱ፣ ከዚያ የዋጋ ክርክር ይጀመራል። ስለ ጫማው ግን ገና ምንም አልታወቀም። ልስላሴው የተመሰከረለት በለሰለሰ ወለል ላይ ለቆመና ላረፈ እግር ነው። የሩጫ ጫማ ጠባዩ የሚወጣው እግር ሲዝል፣ ሶሉ ሲሞቅና መንገዱ ወደ ታች ሲያዘነብል ነው፤ ድሬዳዋ ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ማለዳ ታቀርባለች።

እዚህ የምመረምረውን አዲሱን ጫማዬን የገዛሁት ታይዋን ከምንለው ገበያችን ነው። እግር በሙቀትና በቀኑ ድካም ስለሚያብጥ የሩጫ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይለካ የሚል ምክር አለ፤ ትክክል ነው። ምክሩን የጻፈው ሰው ግን ድሬዳዋን አያውቃትም። ከምሳ በኋላ ከተማዋ በሯን ትዘጋለች። ነጋዴው ጥላና ምንጣፍ ፍለጋ ይገባል፣ ጫቱ ይቀነጠሳል፤ እስከ 10 ሰዓት ገደማ ድረስ ጫማ ልለካ ብሎ የሚዞር ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ጤና የለውም። ስለዚህ ሱቆቹ እስኪከፈቱ ጠብቄ፣ የምሮጥበትን ካልሲ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ።

"ስንት ቁጥር ነሽ እህቴ?" አለኝ ልጁ።

"ሃያ አምስት ተኩል፣ በሴንቲ ሜትር።"

"አቦ፣ ጫማ ነው ወይስ ጨርቅ የምትገዢው?"

የጫማውን ምላስ ገልብጬ ከውስጥ የተሰፋበትን ጽሑፍ አሳየሁት። የአሜሪካው፣ የእንግሊዙና የአውሮፓው ቁጥር ተደርድሮ አጠገቡ ሴንቲ ሜትሩ ይጻፋል። እኛ 40፣ 42 እያልን የምንጠራው ቁጥር የፈረንሳይ ጫማ ሠሪዎች ልኬት ነው፤ አንዱ ቁጥር ከሚቀጥለው የሚለየው በሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። (እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩን እዚህ ያደረሱት ፈረንሳዮች የእግራችንንም ልክ ትተውልን ሄደዋል ማለት ነው።) የአንዱ አምራች 40 ከሌላው 40 ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ሴንቲ ሜትሩ ቢያንስ ስለ እግር ይናገራል። በዚያ ላይ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ መተው አለበት፤ ይህንን ቦታ ሱቅ ውስጥ ማንም አይፈልገውም፣ ቁልቁለት ላይ ግን ጥፍርን የሚያድነው እሱ ነው።

የሴት ጫማ ስጠይቅ ልጁ ሮዝ ቀለም ያለው አመጣልኝ። ለብዙዎቹ ሻጮቻችን በሴትና በወንድ የሩጫ ጫማ መካከል ያለው ልዩነት ቀለም ብቻ ነው። ልዩነቱ ግን ተረከዝ ላይ ነው። ለሴት ተብሎ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ጠበብ ይላል፤ የወንዱን ጫማ የምትገዛ ሴት ከፊት ተመችቷት ከኋላ ተረከዟ ሲንሸራተት ይኖራል። ሮዙን ለካሁ፣ ተረከዜን ያዘው፣ ቀለሙን ይቅር ብዬ ነጩን አስወጣሁ። ነጭ ጫማ ለድሬዳዋ አቧራ! እሱን እናቴ ብዙ ተናግራበታለች።

ኦርጅናል ለመሆኑ "ወላሂ" ተብሎልኛል። እኔ ግን መሐላውን በአክብሮት ተቀብዬ ጫማውን አጠፍኩት። ደህና የሩጫ ጫማ የሚታጠፈው የእግር ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው፤ መሃሉ ላይ እጥፍ የሚል ከሆነ ስሙ ምንም ይሁን ምን ይቅርብኝ። ደጃፍ ላይ በክር ተንጠልጥሎ ፀሐይ ሲመታው የከረመውንም አልወስድም፣ ከመጋዘን ይምጣልኝ እላለሁ። ሙቀት ማስቲሹን ያደክመዋል፤ ተለጥፎ የሚሠራ ነገር ደግሞ ማስቲሹ ከደከመ የቀረው ጨርቅና ስፖንጅ ነው። የከፈልኩትን ገንዘብ እዚህ አልጽፈውም።

ጎረቤታችን ግን ጠየቁኝ። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ማታ ማታ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው የሚያልፈውን ሁሉ ይመረምራሉ። ካርቶኑን በእጄ ሲያዩ አላሳለፉኝም።

"ስንት አወጣሽበት ልጄ?"

"ይተውት ጋሼ፣ ይቆጡኛል።"

"አልቆጣም። ግን አበበ ቢቂላ ምን ተጫምቶ ነበር ያሸነፈው?"

ይህችን ጥያቄ ኢትዮጵያ ውስጥ የሩጫ ጫማ የገዛ ሰው ሁሉ ይሰማታል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ አበበ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ፤ ለአገር የሚበቃ ታሪክ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈው፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሻለ። ጫማው ነው ያሻሻለው አልልም፤ አበበም ከሮሙ አበበ የበሰለ ነበር፣ መንገዱም ሌላ ነው። የሚገርመኝ ግን ሮምን ስንተርክ ኖረን ቶኪዮን ስንረሳ ነው። የቶኪዮው አበበ ባዶ እግርን እንደ ሃይማኖት አልያዘውም። ይህንን ለጋሼ ነገርኳቸው። "እሱስ እውነት ነው" አሉና ጥቂት አስበው፣ "አንቺ ግን ቶኪዮ አይደለም የምትሄጂው" አሉኝ።

ተሸነፍኩ። ነገር ግን ጥያቄያቸው ዛሬ ከድሮው ይበልጥ ይከብዳል። የጫማው ነገር እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ተለውጧል። ያኔ በወጣ አንድ የናይኪ ጫማ ላይ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ሯጮቹ ለተመሳሳይ ፍጥነት የሚያወጡት ጉልበት በአማካይ 4 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አሳየ። ወፍራም ግን ቀላል ስፖንጅ፣ መሃሉ ላይ የካርቦን ዝርግ፤ እግር ሲረግጠው የሚወስደውን ጉልበት ከቀድሞዎቹ አብልጦ መልሶ ይሰጣል። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ለጎዳና ውድድር የሶሉን ውፍረት በ40 ሚሊ ሜትር፣ ዝርጉን በአንድ እስኪወስን ድረስ የጫማ ፋብሪካዎች ያለ ልጓም ሮጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ የእኛዋ ትዕግስት አሰፋ፣ ያቺ የቀድሞ የ800 ሜትር ሯጭ፣ 2፡11፡53 ገብታ የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስትሰብር በእግሯ የነበረው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ነበር። ዋጋው 500 ዶላር፤ አምራቹ ራሱ ለአንድ ማራቶንና ከዚያ በፊት ለመለማመጃ ብቻ የሚሆን ነው ያለው። ለአንድ ማራቶን! እዚህ አንድ ጫማ ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ፣ ከታናሽ ወደ ጫማ ሰፊ፣ ከጫማ ሰፊ ተመልሶ ወደ ታናሽ ይሄዳል።

የእኔው የዚያ ዘር አይደለም። ዝርግ የለውም፣ የዕለት ልምምድ ጫማ ነው፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም ገደማ ይመዝናል። የካርቦኑ ጥቅም በፍጥነት ለሚሮጥ ሰው ይበልጥ ይታያል፤ እኔ የምሮጠው ሶምሶማ ነው። ነገር ግን የእነዚያ ጫማዎች ፋሽን ወደ ዕለት ጫማውም ወርዷል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ጫማ ሁሉ ወፍራምና ለስላሳ መሆን አለብኝ ያለ ይመስላል። የእኔው ጥያቄም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይህ ሁሉ ልስላሴ ለማን መንገድ ታስቦ ነው የተሠራው?

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር። ከዚህ ሰዓት የሚዘገይ ሰው በድሬዳዋ አይሮጥም፣ ይጠበሳል። ከተማችን 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ግማሽ ያህል ከፍታ ማለት ነው። ከላይ የሚመጡ ዘመዶቼ አየሩ ሳንባ የሚሞላ መስሏቸው በደስታ ይጀምሩና ሁለት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ሒሳቧን ትጠይቃቸዋለች። ማለዳ ግን ከዚራን የሚያህል የሩጫ ቦታ የለም። ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ኒሙና የድሬዳዋ ዛፉ ከላይ ተገናኝተዋል፣ ባጃጆቹ ገና አልነቁም።

በዚህ ጸጥታ አዲስ ጫማ የሚመረመረው በጆሮ ነው። እግሬ መሬት ሲነካ የሚሰማው ድምፅ የሁለቱም እግር አንድ ዓይነት መሆኑን አዳምጣለሁ፤ አንዱ ጠፍ ሌላው ድም ካለ አንዱ ክር ላልቷል ወይም አንዱ እግር የሆነ ነገር እየሸሸ ነው። ሰው ሲሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ ከክብደቱ ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል መሬት ያርፋል፤ አሮጌው ጫማዬ ይህንን ለጎረቤት ሁሉ ያውጃል። አዲሱ ዝም አለ። በአስፋልቱ ላይ በእርግጥ ድንቅ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው አደባባይ እስከ ከዚራ ጫፍ ድረስ እግሬን ረስቼው ሮጥኩ። ከጫማ የምፈልገውም ይህንኑ ነው፣ እንድረሳው። አንድ ሰውዬ በረንዳ ላይ ጥርሱን እየፋቀ "በርቺ!" አለኝ፤ ፍጥነቴ ያንን ያህል እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

ኮብልስቶኑ ላይ ብዙ የምለው የለም። ድንጋዩ ወደ ጎን ሲገፋው ወፍራሙ ሶል ወደዚያው ይሄዳል፣ ቁርጭምጭሚት ይሠራል፤ አጭር ስለሆነ አለፈ።

ደቻቱ ግን ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከዚራን ከመጋላ ሰፈር የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የለውም፤ አሸዋ ነው፣ ሰፊ፣ ግመልና አህያ የሚሄድበት። አሸዋ ላይ መሮጥ ባትን ያነድዳል፤ የእኔ ዓይነቱን ለስላሳ ሶል ደግሞ ምንም አይጠቅመውም። መሬቱ ራሱ ለስላሳ ሲሆን የጫማው ልስላሴ ትርፍ ነው፤ አሸዋው ይሰምጣል፣ ስፖንጁም ይሰምጣል፣ ሯጯ ሁለት ጊዜ እየሰመጠች አንድ ጊዜ ትራመዳለች። ፊቱ ላይ ያለው አየር ማስገቢያ ወንፊት ጨርቅም አሸዋውን በደስታ ተቀበለው። ቶሎ ወጣሁ። በክረምት እዚህ አልገባም፤ የድሬዳዋ ልጅ የሆነ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። ሰማዩ እዚህ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ወንዙ ዳር ቤት የነበራቸው ዘመዶቻችን እስከ ዛሬ ነጎድጓድ ሲሰሙ ይነሣሉ።

ድልድዩ አጠገብ ጫማዬን አውልቄ አራገፍኩና ወደ ሐረር መንገድ ዞርኩ።

የሐረር መንገድ ከተማዋን ሲለቅ ዳገት ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከሉ መንገዱ እየተጠማዘዘ ደንገጎ ይወጣና ከአዲስ አበባ የሚመጣውን መንገድ ያገኛል። ደንገጎ ድረስ የሚሮጡ ጉልበተኞች አሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ጠመዝማዞች ወጥቼ እመለሳለሁ፤ ለጫማ ፈተና ይበቃል። በዳገቱ ጫማው መልካም ነበር፣ ተረከዜም አልተነሣም። ዳገት ላይ ሰው የሚያርፈው በፊተኛው እግሩ ነው፤ ኋላ ያለው ወፍራም ስፖንጅ ተሸክሜው የምወጣው ጓዝ ብቻ ሆነ። ፀሐይዋ በዚህ ጊዜ ከተራራው በላይ ብቅ ብላለች።

መመለሻው ላይ ነው እንግዲህ የተዋወቅነው።

ቁልቁለት ቀላል ይመስላል፣ ሳንባ ያርፋል። ጭኑ ግን አያርፍም፤ በየእርምጃው ሰውነትን የሚገታው እሱ ነው፣ ጡንቻው እየተለጠጠ ስለሚሠራ በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያስለቅሰውም ለዚህ ነው። እግር በጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ሰውም በግድ ወደ ተረከዙ ይመለሳል፤ ያ ሁሉ ውፍረትና ልስላሴ ደግሞ የተከማቸው ተረከዝ ላይ ነው። በአብዛኛው የዕለት ጫማ ሶል ውስጥ ያለው ኢቪኤ የሚባለው ስፖንጅ በጥቃቅን የአየር ጉድጓዶች የተሞላ ነው፤ ሲበርደው ይጠነክራል፣ ሲሞቀው ይለሰልሳል። ሱቅ ውስጥ ለስላሳ የነበረው አሁን ከሥር በአስፋልቱ፣ ከውስጥ በእግሬ ሙቀት ተጨማሪ ልስላሴ አግኝቷል። ስረግጥ ሰመጠ፣ ሰምጦም ቀጥ አላለም፤ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ።

ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብልበት ምክንያት አለው። መኪና ፊት ለፊት እያየሁ ለመሮጥ ግራውን ጠርዝ እይዛለሁ፤ በዚህ መንገድ ላይ ይህ ምርጫ አይደለም። ሲኖትራኩ አለ፣ ከሐረር የሚወርደው ሚኒባስ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰዓት የማያስመልጠው የጫት መኪና አለ። አስፋልት ደግሞ ውኃ እንዲወርድለት ከመሃሉ ወደ ጠርዙ ያዘቀዝቃል። ስለዚህ ግራ እግሬ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ወደ ውጭ ይረግጣል። ጠንካራና ቀጭን ሶል ይህንን ለእግር ይነግረዋል፣ እግርም ራሱን ያስተካክላል። ወፍራሙ ለስላሳ ሶል አይነግረውም፤ ዝም ብሎ ከጠርዙ ጋር ይስማማል። ጉልበቴ በውጭ በኩል አንድ ነገር ማለት ጀመረ።

ቆምኩና ክሩን ፈታሁ። ከሁሉም በላይ፣ ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ፣ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ አለ፤ ብዙ ሰው ለጌጥ የተበሳ ይመስለዋል። ክሩን በዚያው ጎን ወደ እሱ አስገብቶ ትንሽ ቀለበት መተው፣ የግራውን ክር በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ቀለበት አሳልፎ መሳብ ነው። ተረከዝ ወደ ኋላ ይቆለፋል፣ ጣት ከፊት ግድግዳ ይርቃል። ፍየል የምትነዳ ልጅ አጠገቤ ቆማ እስክጨርስ ተመለከተችኝ። የተጫማችው ቀጭን የፕላስቲክ ጫማ ነበር፣ ከኋላ የተሰነጠቀ፤ ስጨርስ ፍየሎቿን ይዛ ያንኑ ጠርዝ በሩጫ ወረደችው። ቁርጭምጭሚቷ ንቅንቅ አላለም። የባዶ እግር ወዳጆች እዚህ ጋ ደስ ሊላቸው ይችላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያንን መንገድ የወረደ እግርና ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ የሚውል እግር ግን አንድ አይደሉም፤ የእሷ ምርጫም በፍላጎት የመጣ አይመስለኝም።

ክሩ ጣቴን አዳነልኝ፤ መንሸራተቱ ቆመ። የሶሉን መዋለል ግን ክር አያስተካክለውም፤ እሱ ከፋብሪካው ጋር የመጣ ነው። ቀሪውን ቁልቁለት እርምጃዬን አሳጥሬ፣ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ወረድኩ። ከተማ ስገባ ሜዳው ተቀበለኝ፣ ጫማውም ወዲያው ወደ ጨዋነቱ ተመለሰ። ቀፊራ አካባቢ ፈጢራ እስኪጋገርልኝ ድረስ አውልቄ መረመርኩት። የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል የተጨማደደ መስመር አውጥቷል፣ የቀኙ የለውም። ማስቲሹ ደህና ነው። የውስጥ ሶሉ ላይ የእግሬ ቅርጽ ከፊት እስከ ኋላ እኩል ወጥቷል፣ ስለዚህ ልኩ ትክክል ነው። ነጩ ቀለም ነጭ አይደለም።

ፍርዴ ይኸው ነው። መጥፎ ጫማ አይደለም፤ የከዚራ ጫማ ነው። ለሜዳ፣ ለማለዳ፣ ለአስፋልት፣ ቀስ ብሎ ለሚረዝም ሩጫ ከዚህ የተሻለ አላደረግኩም። ለሐረር መንገድ የምፈልገው ቀጠን፣ ጠንከር ያለ፣ ከሥሩ ሰፋ ብሎ የሚቆም ሶል ነው፤ አሮጌው ጫማዬ በየዋህነቱ እንዲህ ነበር። የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ይባላል፤ አሮጌው ያንን ካለፈ ቆይቷል፣ የፊቱ ጥርስ አልቋል፣ ግን ሶሉ አሁንም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ጫማ ሰፊ ወስጄ ተረከዙ ላይ ስስ ጎማ አስለጥፌበታለሁ፤ እሑድ ለደንገጎ መንገድ የማደርገው እሱን ነው። ጋሼ ይህንን ሲሰሙ ከአዲሱ ጫማ ዋጋ የጎማውን ዋጋ ቀንሰው ልዩነቱን ጮክ ብለው ነገሩኝ።